የዘነበወርቅ ኩላሊት

ዘነበወርቅ አንድ ኩላሊት ነው ያላት። ሌላው ወንድሟ ኪዳን ሆድ ውስጥ ነው። እሷ ይህን ለማንም አታወራም፤ እኔ ግን አፌ አያርፍም፣ ላገኘሁት ሁሉ እናገራለሁ። ሰው ጓደኛዬ ፎቅ ሠራ፣ መኪና ቀየረ እያለ ሲኮራ ዝም የሚባል ከሆነ፣ እኔም ኩላሊቷን በሰጠች ጓደኛዬ ብኮራ ማንንም አያገባውም።

አልፊያ እባላለሁ። ቤቴ ቤቴል ነው። ከዘነበወርቅ ጋር ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለ አንድ የመድኃኒት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ፣ ስትቆጣ እንኳ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ነጭ ጋዋኗን ራሷ ታጥባለች፤ የላቦራቶሪው አጣቢ ሳሙናውን በደንብ አታስለቅቀውም ባይ ናት። ምሳ ስንበላ እኔ ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሐሜቱንም ጨርሼ፣ እሷ ገና ግማሽ ላይ ትሆናለች። አትቸኩልም። የሚያስቸኩላትንም ሰው አትወድም።

የምትሠራበት ማሽን ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ለመረዳት አያስቸግርም። የሚመረመረው መድኃኒት በፈሳሽ ይሟሟና በደቃቅ ዱቄት በታጨቀ ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ በፓምፕ ይገፋል። አንዱ ንጥረ ነገር ሮጦ ይወጣል፣ ሌላው በዱቄቱ መሐል ሲጓተት ቆይቶ ይደርሳል። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ትልቅ ከሆነ መድኃኒቱ ብዙ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው። ዘነበወርቅ በዚህ ማሽን ታምናለች። ማሽኑ አለ ካለ አለ፣ የለም ካለ የለም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ ኪዳን የእሷ ተቃራኒ ነው። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ይሠራል፤ ሲሠራ ያፏጫል፣ ደንበኛ ይተርባል፣ ያለ ቀልድ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ኩላሊቶቹ አልሠራ ያሉት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ነው። ቤተሰቡ ሲመረመር የእናትየው አልሆነም፣ የዘነበወርቅ ሆነ። እሷም አንድ ቀን እንኳ ሳታመነታ ሰጠችው። ንቅለ ተከላው ተሳካ። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ጠዋትና ማታ የሚውጠው ካፕሱል ታዘዘለት። ሰውነት የራሱ ያልሆነውን ይዋጋል፤ ካፕሱሉ ያንን ጠብ ያበርዳል። መድኃኒቱ ከቀረ የኪዳን ሰውነት የእህቱን ኩላሊት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል። ሁለተኛ የሚሰጥ ደግሞ የለም።

ኪዳን የሚኖረው ቀራንዮ ነው፣ ከእናታቸው ከእትዬ አበበች ጋር፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው አሮጌ ቤታቸው። ዘነበወርቅ ለሥራው ብላ አየር ጤና ተከራይታለች። ከንቅለ ተከላው በኋላ ሦስት ዓመት ሰላም ሆነ። ስለ ኩላሊቱ ማውራት እስክንረሳ ድረስ ሰላም ሆነ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለን ስልኳ ጮኸ። የኪዳን ሐኪም ነበረች። ዘነበወርቅ አዳመጠች፣ "እርግጠኛ ነሽ ዶክተር?" አለች፣ እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሳታውቀው እጇን ወደ ጎኗ፣ ኩላሊቱ ወደ ወጣበት ቦታ ሰደደች።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ከግማሽ በታች ወርዷል። ኩላሊቱም መቆጣት ጀምሯል።" "አይውጥም አለችኝ። ወጣቶች ሲሻላቸው ይሰለቻሉ፣ ይተዉታል አለችኝ።"

እኔም ደነገጥኩ። ኩላሊት የሰጠችው ሰው መድኃኒት ሰለቸኝ ቢል ምን ይባላል? የሰው ገላ ተቀዶ የተሰጠን ነገር እንዴት ሰው በቸልታ ይጥላል? ያን ቀን ከሥራ እንደወጣን በሚኒባስ ቀራንዮ ሄድን።

ኪዳን ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ። እህቱ እንዳልሳቀች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ዘኒ፣ እኔ አንድም ቀን አላለፍኩም" አለ። እትዬ አበበች ነጠላቸውን እንዳጣፉ መሐል ቤት ቆመው ቀሩ። እሳቸው ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሳለሙ፣ ካፕሱሉን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርገው ውኃ አጠገቡ ትተውለት ነው የሚወጡት። ሲመለሱ ማስቀመጫው ባዶ ይሆናል።

"እኔ አስቀምጥልሃለሁ" አሉት በተሰበረ ድምፅ፤ "ትውጠው፣ ትጥለው እኔ ምን አውቃለሁ?"

ኪዳን ወደ እናቱ ዞሮ አያቸው። እናቱ እንዲህ ይላሉ ብሎ የጠበቀ አይመስልም። ወጥቶ ሄደ።

ዘነበወርቅ መድኃኒቱን ለማየት ጠየቀች። እትዬ አበበች ከጓዳ አንድ የማር ዕቃ የነበረ ፕላስቲክ አመጡ። ካፕሱሎቹ ከፎይላቸው ወጥተው ውስጡ ተደርገዋል።

"ማን አወጣው ከፎይሉ?" አለች ዘነበወርቅ።

"እኔ ነኝ። ፎይል ምን ይሠራለታል?" አሉ እናቷ።

ዘነበወርቅ ቅንድቧን ሰበሰበች። መድኃኒት ከፎይሉ ሲወጣ ሊበላሽ እንደሚችል ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንዳንዶቹ ካፕሱሎች ላያቸው ትንሽ ልስልስ ብሎ ነበር። በልቧ ተስፋ አደረገች፤ እኔም አደረግኩ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ከሆነ ኪዳን አልዋሸም ማለት ነው። ጥቂት ካፕሱሎች በወረቀት ጠቅልላ ይዛ መጣች።

በማግስቱ ኃላፊያችንን አስፈቅዳ ማሽኑን ያዘች። የካፕሱሉን ዱቄት አውጥታ እንደ ወትሮው በጠንካራው አሟሚያችን አሟሟችው፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባችው፣ ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ጉብታው ወጣ። ትልቅ ነው። ከአዲስ መድኃኒት ጉብታ ጋር አስተያየነው፤ እኩል ነው። ደገምነው፤ አሁንም እኩል ነው። መድኃኒቱ ምንም አልጎደለበትም። ሙሉ ነው።

በሕይወቴ ጥሩ የምርመራ ውጤት እንዲህ ሰው ሲያስደነግጥ አይቼ አላውቅም። ዘነበወርቅ ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ጋዋን መሬት ሲነካ የምታንቋሽሸኝ ሴት፣ ጋዋኑ ከወንበሩ ተንሸራቶ ሲወድቅ ዞራ አላየችውም። ተከተልኳት። በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች።

ኪዳን የአንድ ሚኒባስ ኮፈን ከፍቶ ሽቦ ሲፈትሽ ነበር። ቀና ሲል በጥፊ አለችው። የጋራዡ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አፈጠጠ። እኔም ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ዘነበወርቅ ዝንብ እንኳ በወረቀት ይዛ በመስኮት የምታስወጣ ሰው ናት።

"ሙሉ ነው!" አለችው። "መድኃኒቱ ሙሉ ነው! ለክቼዋለሁ! የት ነው የምትጥለው?"

ኪዳን ጉንጩን ይዞ ቆመ። ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ። "ውጬዋለሁ" አለ ብቻ። ይህን ሰው ያለ ቀልድ ሲናገር የሰማሁት በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ማሽኑ የተናገረውን ግን እኔም አይቻለሁና አላመንኩትም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የማትቸኩለው ሴት በሕይወቷ አንዴ ቸኮለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነበወርቅ ጓዟን ጠቅልላ ቀራንዮ እናቷ ቤት ገባች። ጠዋትና ማታ ከማር ዕቃው ካፕሱሉን በገዛ እጇ እያወጣች ትሰጠዋለች። ይውጣል። "አፍህን ክፈት" ትለዋለች። ይከፍታል። "ምላስህን አንሳ" ትለዋለች። ያነሳል። ትልቅ ሰው፣ ጢም ያለው ሰው፣ እናቱ ፊት። እንደዚያ እያደረጉ ሳምንት አለፋቸው። ቤቱ ውስጥ ከዚህ ሌላ ንግግር አልነበረም። ከዚያ ሐኪም ቤት ወስዳው ደም ሰጠ።

ሐኪሟ ስትደውል ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርን። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረገች። መጠኑ ከበፊቱም ወርዷል። ኩላሊቱም ከበፊቱ ብሷል። "እባክሽ ወንድምሽን አናግሪው፤ እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊቱን እናጣዋለን" አለች ሐኪሟ።

ዘነበወርቅ ማሽኑን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"አልፊያ፣ ውጧል" አለችኝ። "በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

"አውቃለሁ።"

"በጥፊ መታሁት።"

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ውጧል። መድኃኒቱ ሙሉ ነው። ደሙ ባዶ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው፣ ሦስቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ጂንም አሰብኩ።

ዘነበወርቅ ቀና አለች። "በምን ነበር ያሟሟነው?"

"በጠንካራው ነዋ፣ እንደ ሁልጊዜው። አልኮልም አለበት።"

"የኪዳን ሆድ ውስጥ አልኮል አለ?"

"ድሮ ነበረ፣ ካመመው ወዲህ ትቷል" አልኩ፤ አመሌ ነው፣ ድንጋጤም አያስተወኝም። እሷ አልሰማችኝም። ተነስታ ቆማለች።

የገባት ነገር ይህ ነው። ይህ መድኃኒት በተፈጥሮው ውኃ አይወድም። ቅንጣቶቹ በሥርዓት ተሰልፈው ክሪስታል ሲሆኑ ውኃ ቢፈስባቸው ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ፋብሪካው ሆን ብሎ ሥርዓታቸውን ያፈርሳል፤ ቅጥ አምባር የሌለው ጠጣር ያደርጋቸውና እንደተበታተኑ በሌላ ዱቄት መሐል ያቆያቸዋል። መንገድ ዳር የተከመረ ኮብልስቶን ማንም እያነሳ ይወስደዋል፤ አንዴ ከተነጠፈ ግን በዲጅኖ ካልሆነ አይነቀልም። ድንጋዩ ያው ነው፣ ብዛቱም ያው ነው። የኪዳን መድኃኒት መድኃኒት የሚሆነው ክምር እስከሆነ ድረስ ነው። ከተነጠፈ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። እኛ ደግሞ በጠንካራ አሟሚ የተነጠፈውንም ያልተነጠፈውንም እኩል ነቅለን ነበር የቆጠርነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ የጠየቅነው ስንት እንዳለ እንጂ እንዴት እንዳለ አልነበረም።

ጠጣርን ሳያሟሙ እንዳለ የሚያይ የኤክስሬይ መሣሪያ ከተማው ውስጥ አለ፣ ወረፋውም አለ። ወረፋው እስኪደርሰን ኩላሊቱ አይጠብቅም። የእኛ ማሽን ፈሳሽ እንጂ ጠጣር አያይም። ዘነበወርቅ ግን በአቋራጭ ልታስመሰክረው ፈለገች፤ ጠጣሩ በውኃ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሟሟ ካወቀች ውስጡ እንዴት እንደሆነ ታውቃለች።

ሁለት ብርጭቆ ውኃ እንደ ሰው ገላ አሞቅን። በአንዱ ካልተከፈተ ፎይል የወጣ ካፕሱል ጨመረች፤ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት ከሐኪም ቤት አምጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር። በሌላው የማር ዕቃውን ካፕሱል። ማማሰያው ይዞራል፣ እሷ በየተወሰነ ጊዜ ከየብርጭቆው ጥቂት በመርፌ ትቀዳለች፣ አጣርታ ለማሽኑ ትሰጣለች፣ እኔ ስክሪኑን እጠብቃለሁ።

የአዲሱ ጉብታ በተቀዳ ቁጥር እያደገ ሄደ፣ ሄደ፣ ስክሪኑን ሊሞላ ደረሰ። የማር ዕቃው ግን ብጉር የምታህል ነገር አወጣና እዚያው ቆመ። ጠበቅን። አልጨመረም። መርፌው ተደፍኖ ይሆናል ብዬ መርፌውን ቀየርኩ። ብርጭቆ ተሳስተን ይሆናል ብዬ በአዲስ ካፕሱል ከመጀመሪያው አስጀመርኩ። ያው ነው። ከመድኃኒቱ አንድ አምስተኛው እንኳ ውኃው ውስጥ አልገባም።

"ተነጥፏል" አለች ዘነበወርቅ ቀስ ብላ።

ለሐኪሟ እዚያው ደወለችላት። ሐኪሟም ዛሬውኑ ከአዲሱ ፎይል እንዲጀምርና በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል እንዲገባ አዘዘች።

አንድ ጥያቄ ቀረን። መድኃኒት ከፎይሉ ወጥቶ ፕላስቲክ ውስጥ ስለቆየ ብቻ በሁለት ወር እንዲህ አይሆንም። ቅንጣቶቹን እንደገና የሚያሰልፋቸው እርጥበት ነው፤ የሆነ ነገር በደንብ አርጥቦታል። ዘነበወርቅ ጓዳው ያፈስ ይሆናል አለች። እኔም መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀራንዮ ደረስን።

እትዬ አበበች ብቻቸውን ነበሩ። እኔ ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ የኪዳንን መድኃኒት የት ነው የሚያቆዩት?"

ፊታቸው በራ። ያን ሰሞን እዚያ ቤት ውስጥ የበራ ፊት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ኑ ላሳያችሁ" ብለው ወደ ጓዳ አስገቡን። ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ እንስራ አለ። የጸበል እንስራ ነው። በጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት የተቀበሉት ዝናብና ከመድኃኔዓለም የቀዱት ጸበል አለበት። ክዳኑን አነሱ። ከአንገቱ ላይ በክር የታሰረ ነጭ ቋጠሮ ቀስ አድርገው ሳቡ። ሲፈቱት ውስጡ የኪዳን ካፕሱሎች ናቸው።

"ውኃው አይነካውም" አሉን በኩራት። "ሞኝ አይደለሁም። የመጀመሪያዎቹ ሲጣበቁብኝ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። አሁን ትንፋሹ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሳምንት ይቆይና አውጥቼ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ማር ዕቃው። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አንዷ ሴት የተሰጠ ኩላሊት ዕድሜው አጭር ነው ብትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። መድኃኒቱም ቢባረክ ብዬ ነው። በረከቱ በፎይሉ ውስጥ እንዴት ይግባ?"

ላቦራቶሪያችን ውስጥ መድኃኒት እርጥበት ሲያገኘው ምን እንደሚሆን የምንፈትሽበት ትልቅ ካቢኔ አለን፤ ውስጡ ሁልጊዜ ርጥብ ነው። እትዬ አበበች ያንኑ በአንድ እንስራና በአንድ ክዳን ሠርተውታል። ዘነበወርቅ እጇን ወደ እንስራው አንገት አስገብታ አወጣች። መዳፏ ወርዝቶ ነበር። መዳፏን እያየች ቆማ ቀረች።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ እትዬ አበበች።

ኪዳን ከጋራዥ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፣ ግን ማን ይንገራቸው? እርጥበት ሲያገኘው መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ እንደማይሟሟ፣ ኪዳን እየዋጠ ሰውነቱ ግን እንዳላገኘው፣ ኩላሊቱ በዚያ ምክንያት እንደታመመ ነገርኳቸው።

እትዬ አበበች ቋጠሮውን እንደያዙ "ከጳጉሜን ጀምሮ?" አሉ።

"አዎ እትዬ።"

"የሁለቱን ልጆቼን ኩላሊት" አሉ። "የሁለቱንም። እኔ።"

ጮኸው ቢያለቅሱ ይሻል ነበር። እዚያው እንስራው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸው ፈጦ ቀረ። እኔ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ላይ አላየሁም፤ እንዳላይም ዱዓ አደርጋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቢሮ ውስጥ ይህን ታሪክ የሰማ አንድ ብልህ ነኝ ባይ "ይኸው እምነት የሚያመጣው" ብሎ ሳቀ። ልክ ልኩን ነገርኩት። እኛም ቤት ዘምዘም አለ፤ እናቴ ለእኔ ያንኑ ታደርግ ነበር፣ ያውም ተደብቃ። የቧንቧ ውኃም ቢሆን መድኃኒቱ ያው ይሆን ነበር፤ እርጥበት የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። እሳቸው ያጠፉት ነገር ቢኖር መውደዳቸው እጅግ መብዛቱ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የሚሳቅበት ሰው አላውቅም።

ኪዳን ሆስፒታል ተኛ። ጠንካራ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው። ዘነበወርቅ ከአልጋው አጠገብ አልጠፋችም። ይቅር በለኝ ስትለው "ጥፊሽ ከመርፌያቸው ይሻላል፣ አንዴ ነው" አላት፤ ቀልዱ ሲመለስ እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። እትዬ አበበች ግን ሆስፒታሉ በር ድረስ እየመጡ አይገቡም ነበር። አጥሩ ሥር ይቀመጣሉ። የንስሐ አባታቸው ቄስ መኳንንት መጥተው "ጸበሉ ለልጁ የተሰጠ ነው፣ ለካፕሱሉ አይደለም። ልጁን ያጥምቁት፣ መድኃኒቱን ለሐኪሞቹ ይተዉላቸው፤ እግዚአብሔር በዚህ አይቀየምዎትም" አሏቸው። እትዬ አበበች በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ካሉበት ግን አልተነሱም።

ውጤቱ መጣ። መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል። ኩላሊቱ ተርፏል። የተጎዳው ክፍል ግን አይመለስም፤ ከእንግዲህ ከነበረው ባነሰ ነው የሚኖረው፣ ጥንቃቄውም እጥፍ ነው። ሁላችንም ተመስገን አልን። እትዬ አበበች ዝም አሉ።

ኪዳን ቤቱ በገባ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ልጠይቀው ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ዘነበወርቅ መድኃኒቱን በሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ፣ ከዚያ ቦርሳ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ፎይል አውጥታ ሰጠችው። ኪዳን አልተቀበላትም።

"እማዬ ትስጠኝ" አለ።

"ቀልድህን አቁም" አለችው ዘነበወርቅ። ድምጿ ተቆጥቷል። ይህ መድኃኒት ሰዓቱ ማለፍ የለበትም።

"እየቀለድኩ አይደለም።"

እትዬ አበበች በሩ ላይ ነበሩ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። "አልነካውም ልጄ። በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ይህን እጅ መድኃኒት አታስነካው" አሉ።

"እንግዲያው አልውጥም" አለ ኪዳን፣ ተደላድሎም ተቀመጠ።

እኔ ብርቱካኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዘነበወርቅ ስልኳ ላይ ሰዓቱን ታያለች፣ ወንድሟን ታያለች፣ እናቷን ታያለች። ሰዓቱ እያለፈ ነበር። ያ ሁሉ መከራ አልፎ አሁን በግትርነት ሊሞት ነው እንዴ ብዬ ልጮኽበት ደርሼ ነበር። እትዬ አበበችም ሰዓቱን ያውቁታል። ዓይናቸው ከፎይሉ አልተነሳም።

በመጨረሻ እጃቸውን ከነጠላው አወጡ። መጥተው ፎይሉን ከዘነበወርቅ እጅ ወሰዱ። አልቀደድ አላቸው፤ በጥርሳቸው ቀደዱት። ካፕሱሉን መዳፉ ላይ አኖሩለት። ዋጠው፣ ውኃ ጠጣበት።

"ወረደልህ?" አሉት።

"ወረደልኝ።"

ዘነበወርቅ ቦርሳዋን አንስታ ከፈተችው። የወሩን መድኃኒት በሙሉ አወጣች። ለአፍታ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንደማትሰጣቸው እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ እናቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

"ከነፎይሉ፣ እማዬ" አለች።

"እሺ ልጄ፣ ከነፎይሉ" አሉ እትዬ አበበች፣ መድኃኒቱንም ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ዘነበወርቅ አልተከተለቻቸውም።